የትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ የትራፊክ ትንበያ፦ ከነገ በፊት ዛሬን መቁጠር

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ሜሪላንድ ነው፤ ሙያዬ ሲቪል ምሕንድስና። መሥሪያ ቤታችን የአንድ ካውንቲ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ማስተር ፕላን ለማዘጋጀት ውል ወስዶ የትንበያው ምዕራፍ በእኔ ላይ ወድቋል። ማረፊያው የመቆጣጠሪያ ማማም ሆነ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የለውም። አንድ ማኮብኮቢያ አለው፤ 62 አውሮፕላኖች ያድሩበታል ተብሏል። ከዚህ በፊት የተሠራው ማስተር ፕላን እንቅስቃሴው በየዓመቱ በ3 በመቶ ያድጋል ብሎ ነበር፤ አላደገም። እኔ የካውንቲውን የሕዝብ ብዛትና የነፍስ ወከፍ ገቢ ወስጄ በሪግሬሽን (ቁጥሮችን እርስ በርስ በሚያዛምድ የስታቲስቲክስ ዘዴ) ልተነብይ አስቤያለሁ። መንገዴ ትክክል ነው? ዘዴው ለኢትዮጵያ ትንንሽ ማረፊያዎችስ ያገለግላል?

ምላሽ፦

ሪግሬሽኑን ለጊዜው ያቆዩት። ዘዴው በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያስገቡበትን ቁጥር ማንም ስላልቆጠረው ነው። ማማ በሌለው ማረፊያ «የዓመቱ እንቅስቃሴ» የሚባለው አኃዝ (እንቅስቃሴ ማለት አንድ መነሳት ወይም አንድ ማረፍ ነው) ብዙውን ጊዜ የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ 5010 በሚባለው የፌዴራል ቅጽ ላይ የሞላው ግምት ነው። ግምቱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ከዚህ በኋላ ኤፍኤኤ እለዋለሁ) በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ማረፊያ በሚያወጣው ትንበያ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ማንም ሳይነካው ዓመታት ይቆያል። ቀጥሎ አማካሪ ይመጣና ያንኑ አኃዝ «ታሪካዊ መረጃ» ብሎ ያነሣዋል። የማረፊያዎን የሃያ ዓመት ሰንጠረዥ ሲያወጡ ቁጥሩ አምስት ጊዜ ብቻ ተለውጦ ቢያገኙት አይደነቁ። ያ ሃያ የመረጃ ነጥብ አይደለም፤ አምስት ነው፤ አምስቱም ግምት ናቸው። ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲያዛምዱት፣ ሁለቱም ቀስ እያሉ የሚወጡ መስመሮች ከሆኑ፣ ውጤቱ ያማረ ይሆናል። ስለ አውሮፕላን ግን ምንም አይነግርዎትም።

የእንዲህ ያለ ትንበያ ትልቁ ስጋት ከነገው ዕድገት ይልቅ በዛሬው ቁጥር ላይ ነው። በሒሳብ ላሳይዎት። ኤፍኤኤ ለዕቅድ ቀደም ሲል ባወጣው መመሪያ፣ የተሻለ መረጃ በሌለበት፣ ማደሪያው እዚያው ለሆነ አንድ አውሮፕላን በዓመት የሚታሰብ እንቅስቃሴ ተቀምጧል፦ ከውጭ የሚመጣ በረራ ለሚያንስበት የገጠር ማረፊያ 250፣ ሞቅ ላለው 350፣ የትልልቆቹን ኤርፖርቶች ጫና ለሚያቃልለው 450። በእርስዎ 62 አውሮፕላኖች ሲያባዙት 15,500፣ 21,700 እና 27,900 ያገኛሉ። በታችኛውና በላይኛው መካከል ያለው ልዩነት 12,400 ነው። አሁን መካከለኛውን ይዘን በየዓመቱ አንድ በመቶ እናሳድገው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ 26,500 ገደማ ይደርሳል፤ ጠቅላላ ጭማሪው 4,800 አይሞላም። የዛሬውን ባለማወቅ የምንስተው የሃያ ዓመቱን ዕድገት ከሁለት ዕጥፍ በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው። አንድ በመቶ ይሁን አንድ ነጥብ አራት እያሉ በስብሰባ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ሒሳብ ቢያዩት ደግ ነበር።

እነዚህ ማባዣዎች ደግሞ ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ምርምር ቦርድ በ2015 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይያዙልኝ) ባሳተመው ጥናት ማማ በሌላቸው ማረፊያዎች እንቅስቃሴ የሚቆጠርባቸውን ዘዴዎች ፈትሾ፣ ለሁሉም የሚያገለግል በአንድ አውሮፕላን ይህን ያህል የሚባል ቁጥር አላገኘም። ስለዚህ ይቁጠሩ።

አቆጣጠሩ ዓመቱን ሙሉ ሰው ማቆም አይደለም። የተለመደው ናሙና በአራቱም ወቅቶች ሁለት ሁለት ሳምንት ነው። ከማኮብኮቢያው ዳር የሚተከለው የድምፅ መቁጠሪያ የሚሰማው የሚነሳውን አውሮፕላን ነው፤ የሚያርፈው ሞተሩን ዝቅ ስለሚያደርግ ያመልጠዋል፤ በመሆኑም የመነሳቱ ቁጥር በሁለት ይባዛል። ካሜራ በጅራት ላይ የተጻፈውን የምዝገባ ቁጥር ያነባል፤ ሌሊትና ጭጋግ ግን ያስቸግሩታል። ለእርስዎ ግን የተሻለ ነገር አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በዋሽንግተንና በባልቲሞር ትልልቅ ኤርፖርቶች ዙሪያ በ30 የባሕር ማይል ክልል ውስጥ የሚበር አውሮፕላን፣ ከጥቂት ዓይነቶች በቀር፣ ማንነቱንና ቦታውን በየሰከንዱ የሚያሰራጭ ኤዲኤስ-ቢ የተባለ መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ማረፊያዎ በዚህ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አንድ መቀበያ ቢተክሉ አብዛኛውን ያገኙታል። «እዚያው ግቢ ውስጥ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ራቅ ብሎ የተተከለ መቀበያ ዝቅ ብሎ በማረፊያው ዙሪያ የሚሽከረከረውን የሥልጠና አውሮፕላን ኮረብታና ዛፍ ይጋርዱበታል፤ የሚቀርብዎት መረጃ ደግሞ ሥልጠናውን አጉድሎ ነው የሚመጣው።

የሥልጠናው ነገር ቀላል አይደለም። ተማሪ አብራሪ ነክቶ መነሳት ሲለማመድ፣ ማለትም ጎማው መሬት እንደነካ ሳይቆም ተመልሶ ሲነሳ፣ እያንዳንዱ ንክኪ ሁለት እንቅስቃሴ ተብሎ ይቆጠራል። ነፋስ በሌለበት ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ሴስና 172 ስምንት ጊዜ ዞራ ብትቆም 16 እንቅስቃሴ አስመዘገበች። በዚያው ሰዓት ከአትላንታ የመጣ የቢዝነስ ጄት አርፎ፣ ብዙ ነዳጅ ቀድቶ፣ ማታ ሲመለስ ያስመዘገበው ሁለት ነው። ጠቅላላ ድምር የሚባለው ነገር እነዚህን ሁለቱን እኩል ስለሚያይ ብቻውን ሲቀርብ ለዲዛይን አይጠቅምም። የቅርብና የሩቅ በረራን፣ ከዚያም የአውሮፕላኑን ዓይነት ለይተው ይያዙ። ጄቶችና ትልልቆቹ ተርቦፕሮፖች (ፕሮፔለራቸውን ተርባይን ሞተር የሚያዞረው) ሁሉም ለማለት ይቻላል በመሣሪያ ሕግ የበረራ ዕቅድ አስገብተው ስለሚበሩ፣ በኤፍኤኤ መዝገብ ላይ በየዓይነታቸው ተዘርዝረው ይገኛሉ። ባለ ፒስተን ሞተር ትንንሾቹ ግን በአብዛኛው በዓይን እያዩ ስለሚበሩ መዝገቡ ውስጥ የሉም። የነዳጅ ሽያጩን ደረሰኝም ይጠይቁ፤ የፒስተኖቹን ቤንዚንና የጄት ነዳጁን ለይተው። ቆጠራዎ ፒስተኑ ጨመረ እያለ ቤንዚኑ ከቀነሰ አንዱ ቦታ ላይ ስህተት አለ፤ ወይም ደግሞ ጎረቤት ማረፊያ በርካሽ እየሸጠ ነው።

62ቱንም በዓይንዎ ይዩአቸው። ከሀንጋር (ከአውሮፕላን መጠለያ) ሀንጋር ሲዞሩ ጎማው የተኛ፣ መስኮቱ በአቧራ የተሸፈነ፣ ባለቤቱ ከሞተ ወራሾቹ ያልተስማሙበት አውሮፕላን ማየትዎ አይቀርም። የፌዴራሉ መዝገብ ላይ ለመቆጠር አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆን አለበት፤ አንዱ የምዝገባ ቁጥርም በአንድ ማረፊያ ብቻ ይቆጠራል። የብርዱን ወራት ፍሎሪዳ የሚያሳልፍ ባለቤት በሁለቱም ቦታ ኪራይ ስለሚከፍል ሁለት ሥራ አስኪያጆች የእኔ ነው ይላሉ። የሀንጋር ተጠባባቂዎች ዝርዝርም እንደዚያው ነው። አርባ ስም ያለበት ዝርዝር ለካውንቲው ምክር ቤት ሲቀርብ ልብ ያሞቃል፤ ከአርባዎቹ መካከል ግን በሦስት ማረፊያዎች የተመዘገበ፣ አውሮፕላኑን የሸጠ፣ ገና ለመግዛት የሚያስብ አለበት። ለእያንዳንዱ ስልክ ይደውሉና ተመላሽ የሚሆን ቀብድ ያስይዝ እንደሆነ ይጠይቁ።

ወደ ዕድገቱ ልምጣ። የቀድሞው 3 በመቶ ከየት እንደመጣ ባላውቅም የዘር ሐረጉን አውቀዋለሁ። አሜሪካ በ1978 ከ17,800 በላይ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሠርታ ለገበያ አቀረበች። ያኔ ሁሉም መስመር ወደ ላይ ስለሚሄድ የየማረፊያው ዕቅድ በዚያው መስመር ተሠራ። በ1994 የተመረተው 928 ነበር። የአምራቾች የካሣ ተጠያቂነት፣ የወለድ መጠን፣ የነዳጅ ዋጋ፣ ለቀድሞ ወታደሮች ይሰጥ የነበረው የበረራ ሥልጠና ድጎማ መቅረት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ዕድሜው ከ18 ዓመት ለበለጠ አውሮፕላን አምራቹ እንዳይከሰስ የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ ምርቱም አንሠራራ፤ ወደ 1978 ግን አልተመለሰም። ዛሬ የኤፍኤኤ አገር አቀፍ ትንበያ የሚለው ባለ ፒስተን ሞተር አውሮፕላን ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ ተርባይኑ እየጨመረ እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ ለጠቅላላው አንድ የዕድገት መጠን ከማስቀመጥ ይልቅ ለፒስተኑና ለተርባይኑ የየራሱን ይስጡ። አንዱ ቢቀንስ ሌላው ቢጨምር ድምሩ ባለበት የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ የሚያስፈልገው ግንባታ ግን ይለወጣል።

አገር አቀፍ ተከታታይ መረጃ ሲወስዱ ሁለት ወጥመዶችን ይጠንቀቁ። ኤፍኤኤ ከ2010 ጀምሮ ባለቤቶች ምዝገባቸውን በየጊዜው እንዲያድሱ ሲያስገድድ፣ የሌሉ አውሮፕላኖች ከመዝገብ ተሰረዙ፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን የአውሮፕላን ቁጥር የወደቀ ይመስላል። በ2016 ደግሞ የተማሪ አብራሪ ፈቃድ የማብቂያ ቀን እንዳይኖረው ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናውን ያቋረጠውም በመዝገቡ ላይ ስለሚቀር የተማሪዎቹ ቁጥር በየዓመቱ ይከማቻል። ይህን አኃዝ ለሪግሬሽን የሚጠቀም ሰው የደንብ ለውጥን እንደ ፍላጎት ይተነብያል።

የሕዝብ ብዛትንም አልወደውም። ሃምሳ ሺህ ሰው ወደ ካውንቲው ቢገባ ስንት አብራሪ ይመጣል? ይልቁንም የሚመጣው ከማረፊያው አጥር ጥግ የሚሠራ መኖሪያ ሰፈርና የጫጫታ አቤቱታ ነው። የትንሽ ማረፊያ እንቅስቃሴ የሚወሰነው ሀንጋር በመኖሩና በኪራዩ ልክ፣ በጎረቤት ማረፊያ ዋጋ፣ በደመና ጊዜ ለማረፍ የሚያስችል የመሣሪያ አቀራረብ በመኖሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ሁለት ደንበኞች ውሳኔ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አሥር አውሮፕላን ያለው የበረራ ትምህርት ቤት ወደ እርስዎ ማረፊያ ቢዛወርና እያንዳንዱ አውሮፕላን በዓመት 600 ሰዓት ቢበር፣ በሰዓት አራት እንቅስቃሴ ብቻ እዚያው ቢያደርግ 24,000 ይሆናል። አንድ የኪራይ ውል ጠቅላላውን በአንድ ዓመት ከዕጥፍ በላይ አደረገው። ያው ትምህርት ቤት ቢለቅ ደግሞ እንዲሁ ይወርዳል። የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በመሠረቱ 1,500 ሰዓት የሚጠይቀው ደንብ ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለሆነ፣ ወጣቶች ሰዓት የሚሞሉት በእነዚሁ ትንንሽ ማረፊያዎች አስተማሪ ሆነው ነው፤ አየር መንገዶች መቅጠር ሲያቆሙ ይህ ሰንሰለት ይላላል። ከሪግሬሽኑ በፊት የትምህርት ቤቱን ባለቤት ቡና ይጋብዙ።

ለእርስዎ ቅርብ የሆነ ሌላ ምሳሌ አለ። በ1909 የተመሠረተው የኮሌጅ ፓርክ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ሳያቋርጥ በመቆየት በዓለም አንጋፋ የሚባል ነው፤ ዊልበር ራይት የጦር መኮንኖችን በረራ ያስተማረው እዚያ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በዋሽንግተን ዙሪያ በተደነገገው ጥብቅ ክልል ውስጥ ወደቀ፤ ወደዚያ ለመብረር አብራሪው አስቀድሞ በጸጥታ ተጣርቶ መፈቀድ አለበት። እንቅስቃሴው አሽቆለቆለ፤ እንደ ቀድሞውም አልሆነም። በ2000 የተሠራ የትኛውም ሞዴል ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ ለካውንቲው አንድ መስመር ሰጥተው አይመለሱ። ትምህርት ቤቱ ቢመጣ፣ ባይመጣ፣ ያለው ቢሄድ የሚሉ ሁኔታዎችን ይሥሩ፤ ግንባታውንም ከዓመት ጋር ሳይሆን ከእንቅስቃሴ ደረጃ ጋር ያስሩት። «በ2035 አሥር ሀንጋር» ከማለት «ነዋሪ አውሮፕላኖች 70 ሲደርሱ አሥር ሀንጋር» ቢሉ ዕቅዱ ቶሎ አያረጅም።

አሁን ገንዘቡ ያለበት ቦታ ደረስን። ብዙ ጀማሪዎች ትንበያው የማኮብኮቢያውን አቅም ለመወሰን ይመስላቸዋል። አንድ ማኮብኮቢያ ትንንሽ አውሮፕላኖችን በዓመት እስከ 230,000 እንቅስቃሴ ድረስ ያስተናግዳል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ዕቅድ ይታሰባል፤ አቅም ስለማስፋት ማሰብ የሚጀመረው 60 በመቶው ሲሞላ ነው፤ ይህም 138,000 መሆኑ ነው። የእርስዎ ከፍተኛው ግምት 27,900 ነው። ጉዳዩ እዚህ አልቋል፤ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

ዋናው ጥያቄ ማረፊያው ለየትኛው አውሮፕላን ይሠራ የሚለው ነው። በኤፍኤኤ ደንብ የዲዛይኑ መለኪያ የሚሆነው፣ ነክቶ መነሳት ሳይጨመር፣ በዓመት ቢያንስ 500 እንቅስቃሴ የሚያደርገው ከማረፊያው ብዙ የሚጠይቀው የአውሮፕላን ዓይነት ወይም ተመሳሳይ ባሕርይ ያላቸው ቡድን ነው። እንደ ኪንግ ኤር 200 ያለው ተርቦፕሮፕ ቢ-ሁለት በሚባለው ምድብ ይመደባል፦ ወደ ማረፊያ ሲቀርብ ፍጥነቱ ከ121 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) በታች፣ የክንፉ ርዝመት ከ79 ጫማ በታች። ለዚህ ምድብ በተለመደው የዕይታ ሁኔታ በማኮብኮቢያው ዙሪያ ነጻ መሆን ያለበት የደኅንነት ቦታ 150 ጫማ ስፋት አለው፤ ከማኮብኮቢያው ጫፍም 300 ጫማ ያልፋል። ፈጣኖቹ ጄቶች ወዳሉበት ሲ-ሁለት ምድብ ከተሻገሩ ስፋቱ ከ400 እስከ 500 ጫማ፣ ከጫፉ የሚያልፈው ደግሞ 1,000 ጫማ ይሆናል። በየጫፉ 700 ጫማ ተጨማሪ ቦታ ማለት የሰው እርሻ መግዛት፣ መንገድ ማዞር፣ ጅረት በቱቦ ማሳለፍ ነው። 500 እንቅስቃሴ ደግሞ በዓመት 250 ጉብኝት፣ በሳምንት አምስት ገደማ ነው። አንድ ኩባንያ ሥራ አስፈጻሚዎቹን ለማመላለስ ጄቱን ቢቀይር ይህን ወሰን ሊያሻግርዎት ይችላል። የቆጠራዎ ጥራት የሚፈተነው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ከመዝገብ ያገኙትን የጄት ዝርዝር ከኩባንያዎቹ የጽሑፍ ማረጋገጫ ጋር አያይዘው ያቅርቡ። «ይመጣሉ ተብሎ ይጠበቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለገንዘብ አይበቃም።

የአውሮፕላን ማቆሚያው ስፋት የሚወጣው ከጫፍ ሰዓት፣ ማለትም በረራ እጅግ ከሚበዛበት ሰዓት፣ ሒሳብ ነው። ከዓመቱ 10 በመቶ በከፍተኛው ወር ይውላል ቢባል ከ21,700 ውስጥ 2,170፣ በቀን 70፣ በጫፍ ሰዓት 15 በመቶ ቢሆን 11 ያህል። ከ70ው 40 በመቶው የሩቅ በረራ ከሆነ 28 እንቅስቃሴ፣ ማለትም አርፎ የሚነሳ 14 አውሮፕላን ከውጭ ይመጣል፤ ግማሹ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ቢገናኝ ሰባት የእንግዳ ማቆሚያ። እነዚህን መቶኛዎች ከቆጠራዎ ይተኩ እንጂ ከእኔ አይቅዱ።

ለኤፍኤኤ ሲያስገቡ ትንበያዎ ከእነርሱ ትንበያ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ10 በመቶ፣ በአሥር ዓመት ከ15 በመቶ በላይ እንዳይለይ ይጠበቃል። ማማ ለሌላቸው ብዙ ማረፊያዎች የእነርሱ መስመር ጠፍጣፋ ስለሆነ መለየትዎ አይቀርም፤ የቆጠራ መዝገብ ካለዎት ግን ልዩነቱን ማስረዳት ይቻላል። የእነርሱ ዓመት ከኦክቶበር እስከ ሴፕቴምበር የሚቆጠር የበጀት ዓመት መሆኑንም አይርሱ።

ኢትዮጵያን በተመለከተ፣ ማባዣዎቹን ይዘው አይሂዱ። ብዙዎቹ የክልል ማረፊያዎች የሚያድርባቸው አውሮፕላን የለም፤ በዜሮ ሲያባዙ ዜሮ ነው። ከመደበኛው የመንገደኞች በረራ ሌላ እዚያ ያለው ፍላጎት ቻርተር፣ የቱሪስት በረራ፣ የሕክምና ማመላለሻ፣ የአንበጣ መከላከያ ርጭትና የሰብዓዊ ዕርዳታ በረራ ነው። እንደ ዶሎ አዶ ባለ ቦታ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ አየር አገልግሎት በረራ የሚከተለው የስደተኛውን ሁኔታና የለጋሾችን በጀት እንጂ የአካባቢውን ገቢ አይደለም። የወቅት ናሙናውም ይለያል። ላሊበላ ላይ የገና ሰሞን ከሌላው ሳምንት ጋር አይወዳደርም፤ አክሱም ላይ ኅዳር ጽዮን እንዲሁ። ሁለቱ የናሙና ሳምንታት በዓሉ ላይ ቢያርፉ ዓመቱ ይጋነናል፤ ቢያልፉት ማቆሚያው ይጠባል። በዓላቱን ለብቻ ቆጥሮ በመደበኛው ላይ መደመር ይሻላል። የአውሮፕላኑን ዓይነት በትክክል መተንበይ ደግሞ እዚያ ከሜሪላንድ ይበልጥ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ በእንዲህ ያለ ከፍታና በቀትር ሙቀት አየሩ ስለሚሳሳ ያው አውሮፕላን ለመነሳት እጅግ የረዘመ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። በደጋው ላይ ዓይነቱን መሳት የአስፋልት ርዝመት መሳት ነው።

ለአለቃዎ ዛሬውኑ የሚነግሩት አንድ ነገር አለ። የአራት ወቅት ቆጠራ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ የማስተር ፕላን ውል ደግሞ የትንበያውን ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይፈልጋል። ቀነ ገደቡ የማይራዘም ከሆነ መቀበያውን በዚህ ሳምንት ያስተክሉ፤ በሁለት ወቅት ቆጠራ፣ በነዳጅ ደረሰኝና በጄቶቹ መዝገብ የመጀመሪያውን ረቂቅ ያቅርቡ፤ ቀሪዎቹ ሁለት ወቅቶች ሲደርሱ የመነሻው ዓመት እንደሚታረም በውሉ ውስጥ ያስገቡ። የበረራ ትምህርት ቤቱን የሰዓት መዝገብ አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ከሁሉም የሚዘገየው እርሱ ነው።